ነጠላ ሰረዝና የአራተኛ ክፍል ስንዴ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ የልጅ ልጅ መቅደስ «ወላጅ አምጪ ተብያለሁ» ብላ መጣች። እናትና አባቷ ዋጃ ሠርግ ሄደው ስለነበር መሄድ የምችል የቀረሁት ወላጅ እኔ ነኝ። ከዘራዬን ይዤ ሄድኩ። ተደባድባ ይሆናል ብዬ ነው የገመትኩት። አስተማሪዋ ጨዋ ወጣት ሴት ናት፤ ወንበር ሳበችልኝ፣ ደብተሩን ገለጠችና «አባባ፣ መቅደስ ጎበዝ ናት። ግን ነጠላ ሰረዝ ትዘላለች» አለችኝ።

«ምን ትዘላለች?»

«ነጠላ ሰረዝ። ነገር ስትዘረዝር በመሀሉ ምልክቱን አታደርግም። ቤት ውስጥ ቢያግዟት ብዬ ነው።»

የተቀመጥንበት ክፍል ግማሹ መጋዘን ነው። ለተማሪዎች ምሳ የሚሆን እህል በጆንያ በጆንያ ተደርድሯል። ደብተሩ ላይ ጎንበስ ስል ሽታው መጣብኝ፤ የጆንያ ቃጫ፣ የስንዴ ትቢያና ከመኪናው ላይ ተጣብቆ የመጣ የናፍጣ ሽታ። ጸጉሬ ቆመ።

«ይህ እህል መቼ ነው የሚወጣ?» አልኳት።

«የቱ?»

«ይህ!» ጆንያውን በከዘራዬ መታሁት።

«ዛሬም ይወጣል አባባ። በየቀኑ ነው የሚበስልላቸው» አለች፣ ደንግጣ።

ቁጭ አልኩ። አስተማሪዋ ምን አጠፋች? እኔ የተቆጣሁት እሷን አይደለም። እሷ ከመወለዷ በፊት፣ እናቷም ከመወለዷ በፊት ነው የተቆጣሁት፤ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ይብረድልኝም አልልም።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም አልጨረስኩ። ይህን ስጽፍ ፊደሉ ይጣመም ይሆናል። ሰረዙ ግን ቦታው ላይ ነው። ሰረዝን በደንብ ተምሬያለሁ። እንዴት እንደተማርኩት ስሙኝ።

ያን ጊዜ፣ በስድሳ ስድስቱ ክፉ ቀን፣ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን ከቆቦ ዳር፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት ትንሽ ነገር ናት። ያን ዓመት ማሽላው ጉልበቴ ላይ ሳይደርስ ነው ቆሞ የደረቀው። በደጉ ዘመን የቆላው ማሽላ የቆመ ሰው ይውጣል፤ ፈረሰኛ ቢገባበት ቆቡ አይታይም። የእኔ ሥራ ማማ ላይ ወጥቶ ግሪሳ ወፍ ማባረር ነበር። ወንጭፍ አለኝ፤ ከወንጭፉ ይልቅ ግን ድምፄ ነው የሚታወቀው። አንዴ አየር ከሳብኩ ሳልተነፍስ ከማማው እስከ ወንዙ የሚሰማ ጩኸት እለቀዋለሁ፤ ወፉ እንደ ደመና ይነሳል። ያን ዓመት ማማው ብቻውን ቆሞ ቀረ። ግሪሳውም አልመጣም። ወፍ እንኳ ማሽላ እንደሌለን ያውቅ ነበር፤ ከበላይ ያሉት ሰዎች ናቸው ያላወቁት፣ ወይም ላለማወቅ የማሉት።

አባቴ የተረፉትን በሬዎች ይዞ ውኃ ፍለጋ ወደ ዞብል ተራራ ማዶ ወርዷል። ቤት ውስጥ እናቴ ብርቄ፣ እኔና ታናሽ እህቴ ዝናሽ ነን። ዝናሽ ከመስከረም ወዲህ መራመድ ትታለች። ትምህርት ቤት ስሄድ ከደጃፉ ላይ ተቀምጣ በዓይኗ ብቻ ትሸኘኛለች። ዓይኗ ትልቅ ሆኖ ነበር። እኔ ልጅ ነኝና «ዝናሽ ዓይኗ እያማረ ነው» ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ዝናሽን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

እንግዲህ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ስንደርስ የጭነት መኪና ቆሟል። ተሸካሚዎች ጆንያ እያወረዱ ወደ አራተኛ ክፍል ያስገባሉ። የእኛ ክፍል! ወንበሮቻችን ሜዳ ላይ ተወርውረዋል። ጆንያው እስከ ጣራ ተደረደረ፣ በሩ ተዘጋ፣ ቡጢ የሚያህል ቁልፍ ተንጠለጠለበት። ከወረዳ የመጣው ሹም ለተሰበሰበው ሰው «ይህ ለእናንተ የመጣ ስንዴ ነው» አለ። እልልታ ሆነ። እልልታው ሳያባራ «የሚታደለው ግን ትልቁ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጡ ነው። በገዛ እጃቸው ያከፋፍላሉ፤ ፎቶግራፍም ይነሳል። እስከዚያ ማንም በሩ አጠገብ እንዳይደርስ» አለ።

«መቼ ነው የሚመጡ?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«በቅርቡ።»

በቅርቡ ማለት ምን ያህል እንደሚርቅ ያን ዓመት ተማርኩ። ይህ በሰረዝም በነጥብም አይለካም።

አስተማሪያችን መምህር ደምሴ ሰሌዳውን አውጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር አቆመልን። ሸዋ ነው አገሩ፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ኮቱን በቆላ ሐሩር እንኳ የማያወልቅ ሰው ነው። እኛ «ጋሼ» እንለዋለን። ዛፉ ከክፍላችን ግድግዳ የራቀ አልነበረም። ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው የስንዴው ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ እየወጣ ይመጣብናል። እንጀራ የሚሸት መስሏችሁ እንዳይሆን። ጥሬ ነው የሚሸተው፣ ትቢያ ትቢያ የሚል፤ ግን ምራቃችን ይወርድ ነበር። በዚህ ሁኔታ ነው መምህር ደምሴ መጽሐፉን ገልጦ ሰሌዳው ላይ የጻፈልን፦

«አልማዝ ከገበያ ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ማር ገዛች።»

በእግዚአብሔር! እስቲ እናንተ ፍረዱ።

ከእኔ ጋር የሚቀመጠው ሰይድ የሰፈሬ ልጅ ነው፤ አፉ የማያርፍ። እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ አልማዝ የት አገር ናት?»

«የትም ትሁን። ምሳሌ ናት።»

«ቆቦ ገበያ አትመጣም?»

«ሰይድ!»

«እሽ ጋሼ። ብትመጣ ግን ትንገረን።»

ልጆቹ ሳቁ። ሳቃቸው አጭር ነበር፤ ሳቅም ጉልበት ይጠይቃል። መምህር ደምሴ ሊስቅ ብሎ ተወውና ትምህርቱን ቀጠለ። «ይህች ምልክት ነጠላ ሰረዝ ትባላለች። ብዙ ነገር ስትዘረዝሩ በየመሀሉ ትገባለች። ከመጨረሻው በፊት ‹ና› ካለ አትገባም። ስታነቡ እዚህች ላይ ስትደርሱ ትቆማላችሁ፤ አንድ ትንፋሽ። አራት ነጥብ ላይ ደግሞ በደንብ ታርፋላችሁ።»

ለእኔ ምልክቷ አናቷ ላይ እንጨት የተሸከመች ሴት ትመስለኝ ነበር። በአውራ ጎዳናው ጭራሮ ተሸክመው ወደ ጎብዬ የሚወርዱ ሴቶች ነበሩና፤ የሚገዛቸው ባይኖርም።

ማንበቡ ፈተና ሆነ። እኔ በማማ አመሌ በአንድ ትንፋሽ ከአልማዝ እስከ ገዛች እለቀዋለሁ። «ቁም! ወፍ አይደለም የምታባርረው!» ይለኛል ጋሼ። ሰይድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሰረዝ በሌለበት ሁሉ ያርፋል። «አል... ማዝ... ከገበ... ያ...»

«እዚያ ላይ ምን ሰረዝ አለና ትቆማለህ?»

«ጋሼ፣ ሰረዝ አይደለም። ራብ ነው ያቆመኝ።»

መምህር ደምሴ አርጩሜውን አንስቶ ነበር። ዝቅ አደረገው። ከዚያ ቀን ወዲህ በንባብ ሰዓት ማንም ቢያርፍ አልተናገረም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «እማ፣ ዛሬ ሳይቆሙ የማይሻገሩት ምልክት ተማርን።»

«ሳይቆሙ የማይሻገሩት?» አለች። «ታዲያ መቀነት ነዋ!»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በእኛ አገር ሁለት ወንዶች ጩቤ ተማዘው ሊገዳደሉ ሲሉ እናት መቀነቷን ፈታ መሀላቸው ትጥለዋለች። ከዚያ ወዲያ ጠብ የለም። መቀነት የሚሻገር ወንድ የገዛ እናቱን ማህፀን እንደረገጠ ይቆጠራል፤ ቡና የሚያጠጣው፣ ሬሳውን የሚያነሳለት የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ አንድ ነው። እኔ ይህን በማግሥቱ ለመምህር ደምሴ ነገርኩት። አያውቀውም ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ለክፍሉ «ስሙ፣ ነጠላ ሰረዝ ማለት መንገድ ላይ የተዘረጋ የእናት መቀነት ናት። ሳትቆሙ አትሻገሯትም» አለ። ከዚያ በኋላ አንድም ልጅ አልዘለላትም። እኔም መቆም ለመድኩ።

ይህን ስሰማ እኔ ያመንኩት ነገር አለ። ዓለም ሁሉ ይህን ሕግ ያውቃል ብዬ አመንኩ። አዲስ አበባ ያለውም፣ መኪና ያለውም፣ መጽሐፍ የጻፈውም። ሰረዝን ያበጁት እነሱ አይደሉ? እንግዲህ መቀነትን እንዴት ያጡታል?

በሩን የሚጠብቀው አያ ሞላ ነበር፤ አሮጌ ምንሽር የያዘ፣ ደረቱን የሚያመው የአገራችን ሰው። ከግድግዳው በስተጀርባ አንድ ስንጥቅ ነበረች። እኛ በዕረፍት ሰዓት የማሽላ አገዳ ሰንጥቀን እናስገባና ጆንያውን እንወጋለን፤ ጥቂት ፍሬ ተንከባሎ ይወጣል። እኔ የማገኘውን ጉንጬ ውስጥ አድርጌ ለዝናሽ እወስዳለሁ። ሳልውጠው ቤት መድረስ ከሒሳብ ሁሉ የከበደ ነበር። አያ ሞላ እንደምንሰርቅ ያውቃል። ዞሮ ሊመጣ ሲል ከጥግ ሆኖ ይስላል። «እህ! እህ!» እኛ እንበተናለን። ያኔ ሳሉ የእውነት ሳል ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ። የእውነቱ ሳል ድምፁ ሌላ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ገባ። ስንዴው ተቀምጧል። ከበሩ ፊት ለፊት ሰው ይሞታል። ጎረቤታችን አቶ በላይ በሩን እያየ ነው የሞተው፤ የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፎ። ጥሩነሽ የምትባል፣ ፀጉር ስትሠራ ተረት የምትነግረን ሴት ሞተች። የመስጊዱ አባ ይማም ሞቱ። ቀባሪ ሲጠፋ የእስላሙን ክርስቲያን፣ የክርስቲያኑን እስላም ቀበረው። ሹሙ ይመጣል፣ ቁልፉን ይነቀንቃል፣ «ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። ደህና ያለው ቁልፉን ነው።

በመጨረሻ ቀኑ ተቆረጠ። መምህር ደምሴ ተጠርቶ ተነገረው፤ አንድ ልጅ መንገድ ዳር ቆሞ የእንኳን ደህና መጡ ንግግር ያነባል። ድምፅ ያለው ልጅ። ማን ይሆናል? እኔ ነኛ! ጽሑፉን ሹሙ ራሱ ነው ያመጣው። እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፦ «እንኳን ደህና መጡ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ በቆሎና ሰሊጥ ወደሚታፈስባት ወደ ለሚቱ ምድራችን።»

«ጋሼ፣ የት ነው የሚታፈሰው?» አልኩት።

መምህር ደምሴ መሬት መሬት አየ። «ሰረዙ ላይ መቆምህን አትርሳ» አለኝ።

ቤት ስገባ ለእናቴ «ነገ ሰውዬው ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል» አልኳት። ዝናሽ ያን ቀን ስጠራት አልዞረችም። እናቴ አንገቷን ዳበሰቻት። «ቆሞ ነው ወይስ አልፎ የሚሄደው?» አለችኝ።

«በእጁ ያከፋፍላል ተብሏል።»

«እኔ የጠየቅሁህ ይቆማል ወይ ነው።»

በማግሥቱ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ ሰልፍ ተሰለፍን። የወረቀት ባንዲራ ተሰጠን። መንገድ ዳር ተኝቶ የነበረውን ረሃብተኛ ሁሉ ፖሊሶች ከጎህ ጀምሮ እያነሱ ከቤቶቹ ጀርባ ወስደው አስቀምጠውታል፤ እንዳይታይ! እናንተ፣ ሰውዬው የመጣው እነሱን ሊያይ አልነበረም እንዴ?

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን በጎብዬ በኩል አቧራ ታየ። ያን ጊዜ እናቴ ከሰልፉ ኋላ ወጣች። ከእሷ ጋር የሰፈራችን ሴቶች ነበሩ። ለተብርሃን፣ ከትግሬ መጥታ ጨው የምትነግድ፤ ቁመቷ የወንድ ነው። የሰይድ እናት ፋጤ፣ አስካለና ዘሀራም ነበሩ። እናቴ መሀል መንገድ ገባች፣ መቀነቷን ፈታች፣ ከዳር እስከ ዳር አቧራው ላይ ዘረጋችው። ወገቧ ያን ያህል ቀጥኖ እንደነበር ያኔ ነው ያየሁት፤ ስንት ዙር የተጠመጠመው መቀነት ተፈትቶ አላልቅ ብሎ መንገዱን አዳረሰ።

አንድ ፖሊስ ሮጠ። ሴቶቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ከመንገዱ አወጣቸው። መቀነቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለና ቆመ። የእኛው የራያ ልጅ ነው። እጁን ሰበሰበ። «እትዬ ብርቄ፣ ምነው እንዲህ አደረግሽኝ?» አለ።

«ላንተ አይደለም ልጄ። ዞር በል። ለሚመጣው ነው።»

መኪናዎቹ መጡ። ጥቁር መኪና መሀል ላይ ነው። ሹሙ ዓይኑን አፈጠጠብኝ፣ እኔም ወረቀቴን ከፍ አድርጌ አየር ሳብኩ። ማየት የነበረባችሁ መምህር ደምሴን ነው፤ ከፊት ለፊቴ ቆሞ እጁን ዘርግቶ «እዚህ ቁም» እያለ ሊመራኝ ይጠብቃል። «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ መጀመሪያው ሰረዝ ላይ ቆምኩ።

እኔ ቆምኩ። መኪናው አልቆመም። ፊተኛው መቀነቱን ረገጠው፣ ጥቁሩ ረገጠው፣ የኋላዎቹ ረገጡት። ከመስኮት አንድ እጅ ወጥቶ ተወዛወዘ። ተጨበጨበ። ሹሙ ነው መጀመሪያ ያጨበጨበው። ትንፋሼን ስመልስ ከፊቴ አቧራ ብቻ ነበር፤ መኪኖቹ የዋጃን መንገድ ይዘው ሄደዋል።

እኔ ያኔ ምን እንደጠበቅሁ ታውቃላችሁ? መሬቱ ይሰነጠቃል ብዬ ነበር። መቀነት ተረግጦ! አንድም ነገር አልሆነም። ሹሙ ለመምህር ደምሴ «ቸኩለው ነው። ሌላ ቀን ይመለሳሉ» አለ። «ስንዴውስ?» አለ ጋሼ። «ሲመለሱ» አለ ሹሙ፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተከትሏቸው ሄደ።

እናቴ መቀነቷን አነሳች። የጎማው ጥርስ ታትሞበታል። አላራገፈችውም። እንደያዘችው ወደ ትምህርት ቤቱ መንገድ ጀመረች። ሴቶቹ ተከተሏት። ከየቤቱ ጀርባ ተደብቀው የነበሩትም መነሳት የቻሉት ተነሱ። ማንም አልጮኸም። እኛ ልጆች ባንዲራችንን እንደያዝን ከኋላ ከኋላ ሄድን።

አያ ሞላ በሩ ላይ ነበር። እናቴ መቀነቱን በምንሽሩና በራሷ መሀል መሬት ላይ አኖረችው።

«ሞላ ወንድሜ» አለች። «አንተም ትሻገረዋለህ?»

አያ ሞላ መቀነቱን አየ፣ የጎማውን ምልክት አየ። «እትዬ ብርቄ፣ ትእዛዝ አለብኝ» አለ። «ቁልፉም እኔ ዘንድ የለም።»

«ቁልፍ አልጠየቅሁህም። ትሻገራለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«እንዴት ብዬ!» አለ። «እኔ እናት የለኝም?»

ምንሽሩን ትከሻው ላይ አንጠለጠለ። ከዚያ «እህ! እህ!» ብሎ ሳለ፤ ለእኛ ለልጆቹ የሚስላትን ያችኑ ሳል። ፊቱን አዞረና በቤቱ ጥግ በኩል ሄደ። አልተመለሰም።

ለተብርሃን ዘነዘና ይዛ ነበር፤ የት እንዳገኘችው አላውቅም። ቁልፉን አልነካችውም፤ ማጠፊያውን ከመቃኑ ነቀለችው። በሩ ሲከፈት ያ ሽታ እንደ ሰው ወጥቶ ተቀበለን። ይሻማሉ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተሻሙም። ፋጤ በሩ ላይ ቆማ «የታመመ ልጅ ያለው ይቅደም!» አለች። አስካለና ዘሀራ በጣሳ እየሰፈሩ ለሁሉም እኩል ሰጡ። ከሹሙ የተሻለ ሥርዓት ነበራቸው፤ ፎቶግራፍ የሚያነሳቸው ግን አልነበረም።

መምህር ደምሴ ቁርቁራው ሥር ደርሶ ቆሞ አየን። የመንግሥት ደሞዝተኛ ነው፤ ማስቆም ነበረበት። ጀርባውን ሰጠን። ጠመኔ አነሳና ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረ። ሰሌዳው ሲሞላ ያጠፋል፣ እንደገና ይጽፋል። የመጨረሻዋ ሴት ጣሳዋን ይዛ እስክትወጣ ድረስ ጻፈ። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ ስሄድ ዞር ብዬ አየሁት፤ የኮቱ ጀርባ በላብ ርሷል።

ያን ቀን ዝናሽ ከንፈሯን የስንዴ ውኃ በጣት ተቀባች። መጀመሪያ ተፋችው። ከዚያ ላሰች።

በማግሥቱ ጠዋት ከወልድያ መቶ አለቃ ወታደሮች ይዞ መጣ። አያ ሞላን ከቤቱ አምጥተው እጁን የፊጥኝ አስረው እዚያው የተነቀለው በር ላይ አስቀመጡት። መቶ አለቃው ቁርቁራው ሥር ወዳለነው ወደ እኛ መጣ። ወፍራም ነበር። ያን ዓመት ወፍራም ሰው ስናይ ዓይናችንን መመለስ አንችልም፤ ሰይድ አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው። ሰውዬው ከኪሱ ብስኩት አወጣና የጋሼ ጠረጴዛ ላይ አደረገ።

«ጎበዝ ተማሪዎች» አለ። «ትናንት በሩን የሰበሩትን ሰዎች ስም ጻፉልኝ። በደንብ ለጻፈ ብስኩት አለ። ላልጻፈ» ብሎ አርጩሜውን ከመምህር ደምሴ እጅ ወሰደ።

መምህር ደምሴ ፊቱ አመድ መስሏል። በሩን የሰበሩት የሁላችንም እናቶች ናቸው። ወደ እኛ ዞረ። «ስም ስትዘረዝሩ በየስሙ መሀል ነጠላ ሰረዝ ይገባል» አለ። «አትቸኩሉ። ሰረዟ ጋ ስትደርሱ ቁሙና አስቡ።»

እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። ብስኩቱ ይሸተኛል። ሰይድ ደብተሩ ላይ እንደተደፋ በከንፈሩ ብቻ ተነፈሰ።

«የሞቱትን ጻፍ።»

«ምን?»

«የሞቱትን! ምን ያረጋቸዋል?»

ይህች ነገር ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ እንዴት እንደሄደች ባያችሁ! ማንም ቀና አላለም። እኔ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በሩን የሰበሩት በላይ፣ ጥሩነሽ፣ አባ ይማምና ደስታ ናቸው።» ደስታ የመንገድ ሰው ነበር፤ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ በቁርቁራው ሥር የቀበርነው። ሌሎቹም እያንዳንዱ የየሰፈሩን ሙታን ጻፈ። እጥረት አልነበረብንም።

መምህር ደምሴ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። አንድ በአንድ አነበበ። ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ ግማሾቹን ቀብሯል። የእኔ ላይ ሲደርስ እርሳሱን አወጣ፤ ከጥሩነሽ በኋላ ያለችውን ሰረዝ አድምቄ አልጻፍኳትም ነበርና አጉልቶ ጻፋት። ከዚያ ለመቶ አለቃው ሰጠው።

«ጎበዞች!» አለ ሰውዬው። «ይኸው! ትምህርት ማለት ይህ ነው።» ብስኩቱን በተነልን። ሰይድ ድርሻውን ለእናቱ ኪሱ ውስጥ ሲከት አየሁት።

ወታደሮቹ ወረቀት ይዘው ሰፈር ለሰፈር ዞሩ። መጀመሪያ የአቶ በላይ ቤት ሄዱ። ሚስቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

«በላይ የታለ?»

«ምን አደረገ?» አለች።

«ይፈለጋል። መንግሥት ይፈልገዋል።»

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየቻቸው። «ዛሬ ነው የፈለገው?» አለች። ተነስታ መርታ ወሰደቻቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ድረስ። አፈሩን አሳየቻቸው። «ያው። ይዛችሁት ከመጣችሁ ለእኔም ንገሩኝ።»

ሁለተኛውም ቤት፣ ሦስተኛውም ቤት እንዲሁ ሆነ። መቶ አለቃው ከመቃብር መቃብር ሲንከራተት ዋለ። ማታ ፊቱ ቀልቶ ተመለሰ። መምህር ደምሴን በኮቱ አንገት ያዘው። «አንተ ነህ ይህን ያስጻፍካቸው!»

«እኔ ያስተማርኳቸው ሰረዝ ነው» አለ መምህር ደምሴ። «ትክክል ነው። ይዩት።»

በጥፊ መታው። መነጽሩ አቧራው ላይ ወደቀ። ሰይድ አንስቶ በሸሚዙ ጠርጎ ሰጠው። እሱንና አያ ሞላን አንድ መኪና ላይ ጫኗቸው። አያ ሞላ እየሳለ ነበር፤ ይህኛው የእውነቱ ሳል ነው። እናቴ ወደ መኪናው ስትሮጥ በዓይኑ ከለከላት፤ አውቀዋለሁ አትበይ የሚል ዓይን። ቆመች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ሁሉም ሴቶች ይያዙ ነበር። ሁለቱም ወደ ቆቦ አልተመለሱም። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ዳግም ሲከፈት እኔ አልሄድኩም፤ ማረሻ ያዝኩ።

እንግዲህ ፍርዱን እዩት። መቀነት ላይ የቆመው ታሰረ። መቀነት የረገጠው ተጨበጨበለት። ይህ የሆነው በዓይኔ ፊት ነው፤ የወረቀት ባንዲራ ይዤ። ሰዎች «ያለፈ ነገር ነው፣ ተወው» ይሉኛል። ማንን ነው የምተወው? ይቅርታ የጠየቀኝ አለ?

እናቴ መቀነቷን አጥባ መልሳ ታጠቀችው። የጎማው ምልክት ግን በእጥበት አልለቀቀም፤ ስትሞት አብሯት ነው የተቀበረው።

ከመቅደስ ትምህርት ቤት ተመልሰን ያን ማታ ከልጅቷ ጋር ተቀመጥን። ሰዎችን የሚዘረዝር ዓረፍተ ነገር አምጪ ተብላለች። መጽሐፉ ላይ ያለው ምሳሌ አሁንም ገበያ የሄደች ሴት ናት፤ ብርቱካን፣ ሙዝና ፓፓያ ገዝታለች። አልማዝ አልሞተችም ማለት ነው። ዝናሽ፣ የመቅደስ አያት፣ ከጓዳ ሆና ትሰማናለች።

«አባባ፣ የማንን ስም ልጻፍ?» አለችኝ።

አሰብኩ። ያን ጊዜ የሰይድ ሕግ የሞቱትን ጻፍ ነበር። እነዚያ ሴቶች እያሉ ስማቸው ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ ቀስ በቀስ ግን ሁሉም አለፉ። አሁን እነሱንም መጻፍ ይቻላል። ማን ምን ያደርጋቸዋል?

«እኔ ልጻፈው፣ አንች ግልባጩን ያዥ» አልኳትና እስክሪብቶውን ወሰድኩ። የተጣመመ ነው፤ ግን በየሰረዙ ቆሜያለሁ። ያ መቶ አለቃም በሕይወት ካለ ያንብበው፤ ስም ጠይቆን ነበርና ይኸው፦

በሩን የከፈቱት እናቴ ብርቄ፣ ለተብርሃን፣ ፋጤ፣ አስካለ፣ ዘሀራ፣ ጀርባውን የሰጠን መምህር ደምሴና ስሎ ዞር ያለልን አያ ሞላ ናቸው።